እንኳን ማርያም ማረችሽ

አራስ ለመጠየቅ የመጣ እንግዳ ደጃፉን ተሻግሮ ገና ሳይቀመጥ የሚናገረው ቃል በአማርኛ የታወቀ ነው፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ»። ወንድ ይሁን ሴት፣ ማንን ይምሰል፣ ስሙ ማን ይባል የሚለው ጥያቄ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ደጋግመን ስለምንለው አናዳምጠውም እንጂ ቃሉ ጠጋ ብለው ሲያዩት ያስደነግጣል። ምሕረት የሚደረገው ለምርኮኛ፣ ለጥፋተኛ፣ ሞት ለተፈረደበት ሰው ነው። ጠያቂው «ልጅ ስላገኘሽ ደስ ይበልሽ» ከማለቱ አስቀድሞ «ከሞት ስለ ተረፍሽ ደስ ይበልሽ» ማለቱ ነው። «ተገላገለች» የሚለውም ቃል ከዚያው ወገን ነው፤ መገላገል የተያያዙ ጠበኞችን ማላቀቅ ነውና፣ ወላዷ ከማን ጋር ስትታገል እንደ ቆየች ቋንቋው ስሙን ሳይጠራ ይነግረናል። ከመውለዷ በፊትም «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ተብላ ተመርቃለች፤ «ታውጣሽ» የሚባለው ደግሞ ከጨለማ ወይም ከጥልቅ ስፍራ ለገባ ሰው ነው። በሙስሊሙ ቤት ምርቃቱ በአላህ ስም ይሆናል፤ «እንኳን በሰላም ተገላገልሽ» የሚለው ግን የሁሉም ነው።

ይህ ሰላምታ በአንድ ቀን የተፈጠረ አይደለም። ብዙ ትውልድ ያየውን አይቶ፣ የቀበረውን ቀብሮ ያጠራቀመው ነው። የእልልታው ቁጥር በብዙ ቦታ ለወንድ ሰባት ለሴት ሦስት ተብሎ ቢቆጠርም፣ ከእልልታው በፊት ያለው ዝምታ ግን ለሁለቱም አንድ ነበር። የዚህች ጽሑፍ ጉዳይ ያ ዝምታ ነው። በጉራጌ ምድር፣ በወልቂጤና በቡታጅራ ዙሪያ፣ ባለፉት ስልሳ ያህል ዓመታት ሕፃናትን የተቀበልንበትን መንገድ ያየ ሰው፣ ሕፃንን በደስታ የመቀበል ታሪክ ከሁሉ በፊት እናትን የማቆየት ታሪክ መሆኑን ይረዳል።

መረጃው ከስሞቻችን ይጀምራል። ካሳ፣ ካሳሁን፣ ምትኩ፣ ምትኬ፣ ተካ፣ ተካልኝ፣ ማስረሻ፤ እነዚህን ስሞች ያልሰማ አማርኛ ተናጋሪ የለም። ማን ማንን ካሰ? ማን በማን ተተካ? ማንን ለማስረሳት ተወለደ? ከእያንዳንዱ ስም ኋላ ብዙ ጊዜ አንድ ያለፈ ሰው አለ፤ አንዳንዴ አባት ወይም አያት፣ ብዙ ጊዜ ግን ቀድሞ ተወልዶ ያልቆየ ወንድም ወይም ያልቆየች እኅት። የሞቱት ሕፃናት መቃብራቸው ምልክት አልነበረውም፣ በመዝገብም አልሰፈሩም፤ በሕይወት በቀረው ልጅ ስም ውስጥ ግን ተጽፈው ቀሩ። ሕፃኑ በክርስትናው ቀን፣ ወንድ ከሆነ በአርባ፣ ሴት ከሆነች በሰማንያ ቀን ስም እስኪወጣለት ድረስ ማሞ ወይም ማሙሽ፣ ሚሚ እየተባለ መቆየቱም ከዚህ የራቀ አይመስለኝም። ቤተ ሰቡ እንግዳውን ወድዶታል፤ ይቆይ አይቆይ ግን ገና አላወቀም። በሙስሊሙ ዘንድ ሕፃኑ በተወለደ ጊዜ አዛን በጆሮው ይነገርለታል፤ በሰባተኛው ቀን ዓቂቃ ታርዶ ስሙ ይወጣል። ሰባት ቀን፣ አርባ ቀን፣ ሰማንያ ቀን፤ የሃይማኖቱ ትርጉም ለየራሱ ሆኖ፣ ቤተ ሰብ ግን እነዚህን ቀኖች የሚቆጥረው ትንፋሹን ይዞ ነበር።

ወደ ጉራጌው ቤት እንግባ። ወልቂጤ በጅማ መንገድ፣ ቡታጅራ በሆሳዕና መንገድ፣ ሁለቱም ከአዲስ አበባ ከ130 እስከ 160 ኪሎ ሜትር ባለው ርቀት ላይ ይገኛሉ። በመካከላቸው የጉራጌ ተራሮች ከነዘቢዳር ቆመዋል። የአገሩ ቤት በእንሰት ተክል የተከበበ ነው። እንሰት ከተተከለ ጀምሮ ለመፋቅ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል፤ የተፋቀውም በጉድጓድ ተቀብሮ ይብላላል። ስለዚህ ለአራስ የሚቀርበው ቆጮ ሕፃኑ ከመፀነሱ ብዙ ዓመት ቀድሞ የተተከለ ነው። ቅቤውም በአንድ ቀን አይገኝም፤ ቀስ በቀስ ተጠራቅሞ ይቀመጣል። ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ ቡናው፣ የጎረቤት ሴቶች የሚቀዱት ውኃና የሚሰብሩት እንጨት፣ ይህ ሁሉ ለእንግዳው የተዘረጋ ስንዱ ቤት ነው። ወንዱ በዚያ ላይኖር ይችላል። የጉራጌ ወንዶች ከሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ አዲስ አበባ እየወጡ በሥራና በንግድ መኖራቸው የታወቀ ነው፤ ክርስቲያኑ ለመስቀል፣ ሙስሊሙ ለአረፋ ወደ አገር ቤት ይመለሳል። ከነዚያ አባቶች ስንቱ የልጁን ፊት መጀመሪያ ያየው በበዓል ቀን ይሆን? ሕፃኑን የተቀበሉት እጆች በአብዛኛው የሴቶች እጆች ነበሩ።

አራስ ብቻዋን አትተውም። ትራሷ ሥር ብረት ይቀመጣል፣ በሩ ይጠበቃል። ምክንያቱ ሲጠየቅ ክፉ መንፈስ ነው ይባላል፤ ነገር ግን ጠባቂዋ ሴት ሌሊቱን ሙሉ አጠገቧ ስለምትኖር፣ የደሟን መብዛትና የትኩሳቷን መነሣት መጀመሪያ የምታየው እርሷ ናት። በዚህ በኩል ባህሉ ጥበብ ነበረው። በሌላ በኩል ደግሞ ፍቅር ራሱ የሚጎዳበት ጊዜ ነበር። በብዙ የአገራችን ክፍል እንገሩ፣ ያ ወፍራሙ የመጀመሪያ ወተት፣ ቆሻሻ ነው ተብሎ ይታለብና ይደፋ ነበር፤ በፈንታው ሕፃኑ ቅቤ ይውጣል። እንጥሉም ይቆረጣል። ይህን ሁሉ ያደረጉት ሕፃኑን የሚወድዱ ሰዎች ነበሩ። ሕፃንን መውደድ ብቻውን እንደማያቆየው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

ምጥ ሲጠናስ? ያን ጊዜ ነገሩ የመንገድ ጉዳይ ይሆናል። ሕፃኑ የተጋደመባትን፣ ወይም ደሟ አልቆም ያላትን ሴት ልምድ አዋላጅ በጸሎትና በቅቤ ልትረዳት አትችልም። ጎረቤት ተጠራርቶ ቃሬዛ ያነሣል፤ ወንዶች እየተፈራረቁ ተሸክመው ቁልቁለቱን ይወርዳሉ፣ ወንዙን ይሻገራሉ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የጉራጌ ተወላጆች ከአዲስ አበባ ገንዘብ አዋጥተው ወደ አገራቸው መንገድ ለማስቆፈር ማኅበር ማቋቋማቸው፣ ከዓለምገና በቡታጅራ አድርጎ ወደ ወላይታ ሶዶ የሚሄደውም መንገድ በእንዲህ ያለ ማኅበር መጀመሩ በታሪካችን በኩራት የሚነሣ ነው። መንገዱ ለንግድና ለበዓል ተብሎ ይነገርለታል። ለቃሬዛም ነበር።

ከወልቂጤ ብዙም ሳይርቅ አጣጥ የሚባል ሆስፒታል አለ። የካቶሊክ ደናግል እ.ኤ.አ. በ1969 ያቋቋሙት ነው። የደረሱለት ግን መጀመሪያ ላይ ብዙዎቹ ዘግይተው ነበር፤ ሁለት ቀን አምጠው፣ ሦስት ቀን አምጠው፣ ሕፃኑ ማኅፀን ውስጥ ከሞተ በኋላ። ሐኪም ቢኖር፣ ቢላዋው ቢሳል፣ ያለፈው ሰዓት አይመለስም። ስለዚህ አጣጦች በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አንድ ቀላል ነገር አደረጉ። በሆስፒታሉ ግቢ ለነፍሰ ጡሮች ማረፊያ ጎጆ ሠሩ። ቀደም ሲል በቀዶ ሕክምና የወለደች፣ ቁመቷ አጭር የሆነ፣ መንታ ያረገዘች፣ ቤቷ ሩቅ የሆነ ሴት የመውለጃዋ ወራት ሲቃረብ መጥታ እዚያ ትቀመጣለች። ዘመድ አብሯት ይመጣል፤ ራሷ ታበስላለች፣ ከሌሎች ጋር ታወጋለች፣ ምጥ ሲይዛት ጥቂት እርምጃ ተራምዳ ትገባለች። ዛሬ የእናቶች ማቆያ የምንለው ይህ ነው።

ያ ጎጆ ምን አደረገ? እ.ኤ.አ. በ1987 በአጣጥ 777 ሴቶች ወለዱ። ከማቆያው የገቡት 142 ነበሩ፤ ከነርሱ አንዲትም አልሞተችም። በቀጥታ ከቤታቸው ከመጡት 635 ግን 13ቱ ሞቱ። ሞቶ የተወለደው ሕፃን ከማቆያው በገቡት ዘንድ ከሺህ 28 ሲሆን፣ በሌሎቹ ዘንድ ከሺህ 254 ነበር። ይህ የአንድ ዓመት ዕድል ነው እንዳይባል፣ እስከ 2008 እ.ኤ.አ. ያለው የሃያ ሁለት ዓመት መዝገብ ተገልጦ ታየ። ከ24 ሺህ በላይ ወሊዶች ተቆጠሩ። ከማቆያው የገቡት እናቶች ሞት በመቶ ሺህ በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት ሲሰላ 90 ገደማ፣ የሌሎቹ 1,333 ሆነ፤ ሞቶ መወለድ በአንደኛው ወገን ከሺህ 18 ገደማ፣ በሌላው 191። በሌላ አነጋገር፣ በማቆያው ሳያልፉ ሆስፒታል ከደረሱት እናቶች ዘንድ ከአምስት ሕፃናት አንዱ ያህል ሳያለቅስ ተወለደ።

እዚህ ላይ አንባቢ ጠንቃቃ ቢሆን ደስ ይለኛል። ሁለቱ ወገኖች እኩል አይደሉም። በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ የመጡት ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው፤ ቤታቸው በሰላም የወለዱት በዚህ መዝገብ ውስጥ የሉም። ስለዚህ ልዩነቱን ሁሉ ጎጆው ብቻ አመጣው አይባልም። የማቆያዎቹ ሴቶች ግን አስቀድሞ ያሰጋሉ ተብለው የተለዩ ነበሩና፣ በሞት ብዛት መብለጥ የሚገባቸው እነርሱ ነበሩ። በቀዶ ሕክምና የመውለድ መጠኑም በነርሱ ወገን ይበልጣል፤ ከመካከላቸው ከመቶ 38 ያህሉ በቀዶ ሕክምና ወለዱ። መትረፋቸው በሰዓቱ ከመገኘታቸው የመጣ ነው። አዲስ መድኃኒት አልተገኘም፣ አዲስ መሣሪያ አልመጣም፤ አንዲት ሴት ከሐኪም አጠገብ ሆና እንድትጠብቅ ቦታ ተሰጣት። በእንግድነት የታወቀ ሕዝብ ባለበት አገር መፍትሔው የእንግዳ ማረፊያ መሆኑ ይገርማል።

ከተራራው ወዲያ፣ በቡታጅራ፣ የተደረገው ሌላ ነገር ነው፤ በዚያ ሕፃናቱ ተቆጠሩ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ አሥር ቀበሌዎችን መረጠ፤ ዘጠኙ የገጠር፣ አንዱ የቡታጅራ ከተማ። ከስምጥ ሸለቆው ቆላ እስከ ጉራጌው ደጋ የተዘረጉ ነበሩ። ከ28 ሺህ በላይ ነዋሪ ቤት ለቤት ተመዘገበ፤ ከዚያም ከጥር 1979 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ መዝጋቢዎች በየጊዜው እየዞሩ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ገባ፣ ማን ወጣ ብለው ይጽፉ ጀመር። ዘመኑ የደርግ ነበር፤ መንግሥት ተለወጠ፣ መዝገቡ ግን አልተዘጋም። ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ቀጥሎ በርካታ የአገራችን የጤና ምሁራን የተማሩበት ቤት ሆነ።

ይህ ሥራ ደረቅ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ያለፈውን እናስብ። በአገራችን አንድ ሳምንት ኖሮ ያለፈ ሕፃን በየትኛውም ወረቀት ላይ አልነበረም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የልደትን፣ የጋብቻንና የሞትን የክብር መዝገብ በዝርዝር ደንግጎ ሳለ፣ የአፈጻጸሙ ትእዛዝ እስኪወጣ ድረስ አንቀጾቹ እንዲቆዩ ተደረገ፤ ትእዛዙም ሳይወጣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አለፈ። በዚያ መካከል በአሥር የቡታጅራ ቀበሌዎች አንድ መዝጋቢ እርሳስና ወረቀት ይዞ፣ በደጅ ቆሞ፣ «በዚህ ቤት ልጅ ተወልዶ ነበር ወይ? ታዲያ የት አለ?» ብሎ ይጠይቃል። እናት መልስ ትሰጣለች፤ ስለ ሕመሙ፣ ስለ ሳሉ፣ ስለ ተቅማጡ፣ ስለ መጨረሻዋ ሌሊት ትናገራለች። ከእንዲህ ያለው ቃል የሞቱ ምክንያት ይገመታል። የመተንፈሻ አካል ሕመምና ተቅማጥ የሕፃናቱ ቀዳሚ ገዳዮች መሆናቸው የታወቀው በዚህ መንገድ ነው። ለሚያዝነው ቤት ጥያቄው ከባድ ነበር፤ ሆኖም ያ ሕፃን ወደዚህ ዓለም መጥቶ እንደ ነበር ከቤቱ ውጪ ያለ ሰው ሲጽፍ ያ የመጀመሪያው ጊዜ ነበር።

በዚያው መዝገብ ላይ ቆመው ሌሎች ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 ከ1,000 በላይ ነፍሰ ጡሮችን ከእርግዝና ጀምረው ተከታተሉ፤ ጥያቄያቸው ስለ እናቶች አእምሮ ነበር። ከውጤቱ ሁለቱን ብቻ ላንሣ። ከወሊድ በፊትና በኋላ የሚደረገው ባህላዊ ጥንቃቄና ደስታ፣ ማለትም ዕረፍቱ፣ ገንፎው፣ ጠያቂው፣ ምርቃቱ፣ በወጉ ያልተፈጸመላት እናት ለጭንቀትና ለድባቴ ይበልጥ የተጋለጠች ሆና ተገኘች። ጭንቀቷ ሳይለቃት የቀጠለባት እናት ሕፃን ደግሞ በተቅማጥ የመያዝ ዕድሉ ከእጥፍ በላይ ነበር። አያቶቻችን «የአራስ ወጉ አይጓደልባት» ሲሉ የነበሩትን ነገር ቁጥር ከብዙ ዘመን በኋላ መሰከረላቸው ማለት ነው። ገንፎ ለሆድ ብቻ አልነበረም።

አጣጥና ቡታጅራ ያስተማሩን ነገር ተደምሮ ሲታይ አንድ ሐሳብ ይሰጣል። ለእናት ሕክምናም ወግም ያስፈልጋታል፤ አንዱን ለማግኘት ሌላውን እንድትተው ከተጠየቀች እቤቷ ትቀራለች። የአገሪቱ የ2000 እ.ኤ.አ. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የወለዱት ከመቶ 5 ብቻ እንደ ነበሩ ያሳያል፤ በ2005ም እንዲሁ 5። ርቀትና ድህነት ትልቁ ምክንያት ናቸው፤ ነገር ግን እናቷንና ጎረቤቶቿን ከደጅ የሚያስቀር፣ ብርድ የበዛበት፣ ባዕድ የሚጮኽበት ክፍል ማንን ይጠራል?

በ1990ዎቹ አጋማሽ ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ተጀመረ። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶች አንድ ዓመት ሠልጥነው በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ። ሥራቸው ስምንት ልጅ ወልዳ ያሳደገችን እናት ስለ እርግዝና ማስተማር ነበር። «ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች» የሚለው ተረት ለስላቅ የተተረተ ነው፤ በዚያ ዘመን ግን ቃል በቃል ተፈጸመ፣ ስላቁም ቀረ። የአጣጡ ጎጆ አምሳያ የእናቶች ማቆያ በየጤና ጣቢያው ይሠራ ጀመር። ከሁሉ የሚያስደስተው ደግሞ በብዙ ጤና ጣቢያዎች ገንፎ ይገነፋ፣ ቡና ይፈላ መጀመሩ ነው። አዋላጅ ነርሷ ሥራዋን ስትጨርስ የሠፈር ሴቶች እልል ይላሉ። ወጉ ሕክምናው ወዳለበት ሄደ። በ2016 እ.ኤ.አ. በተቋም የወለዱት ከመቶ 26፣ በ2019 ደግሞ 48 ደረሱ።

ቁጥሩ ስንቱን ቤት ደስ አሰኘ! በ2000 እ.ኤ.አ. ከሺህ ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2016 67፣ በ2019 55 ሆኑ። ከስድስት ልጆች አንዱ ይቀበር ከነበረበት ዘመን ከአሥራ ስምንት አንዱ ወደሚሞትበት ዘመን መጣን። ምትኬና ማስረሻ የሚባል ስም በአዳዲስ ሕፃናት ዘንድ እየሳሳ ከመጣ፣ ፋሽን ብቻ አይመስለኝም፤ የሚተካ የሚካስ ሰው ቁጥር ቀንሶ ይሆናል።

ደስታው ግን ሙሉ አይደለም። በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት ሕፃናት በ2000 ከሺህ 49 ነበሩ፤ በ2016 29፣ በ2019 ደግሞ 30። እንግዲህ ትልልቆቹ ሕፃናት ሲተርፉ፣ በስም ያልተጠሩት፣ ገና ማሙሽና ሚሚ የሆኑት ዘንድ ነገሩ ቆሟል። ያ የሰባት፣ የአርባ፣ የሰማንያ ቀን ትንፋሽ መያዝ አሁንም ምክንያት አለው። የክብር መዝገቡም ዘግይቶ መጣ፤ አዋጁ በ2004 ዓ.ም. ወጥቶ ምዝገባው የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል። በ2016ቱ ጥናት ግን ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበው ከመቶ 3 ብቻ ነበሩ። ከሰማንያ ቀን ክርስትና ዐሥር ቀን ብቻ የሚያልፈው ይህ የዘጠና ቀን ገደብ፣ መንግሥት ሳያስበው ከቤተ ክርስቲያኒቱ አቆጣጠር ጋር መቀራረቡ ያስገርማል፤ ነገር ግን በዘጠና ቀን ውስጥ የሚሞተው ሕፃን ሳይጻፍ ማለፉ እንዲሁ ቀላል ሆኖ ቀርቷል። ቡታጅራ ከብዙ ዓመት በፊት ያስተማረችን ይህንኑ ነበር፤ የቆየውን ብቻ ሳይሆን ያልቆየውንም ጻፉ።

ዛሬ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን፣ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን መቀመጫ ናቸው። ከአዲስ አበባ የሚወርደው አባት በአስፋልት ጥቂት ሰዓት ብቻ ይበቃዋል፤ የልጁን መወለድም በስልክ በዚያው ቅጽበት ይሰማል። ሰላምታችን ግን አልተለወጠም። ልጅ ወልዳ በሰላም ወደ ቤቷ ለተመለሰች ወጣት ሴት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ስንላት፣ እርሷ ምናልባት ቃሉን እንደ ወግ ብቻ ትሰማው ይሆናል። እንደ ወግ ብቻ መሰማቱ ራሱ ስንት ሰው የደከመበት ድል ነው። በዘቢዳር ግርጌ ግን ዛሬም ቃሉን በሙሉ ትርጉሙ የምትሰማ አንዲት እናት አለች፤ ቃሬዛ ላይ ሆና፣ ወይም መንገድ እያየች። ሰላምታው ለርሷም ወግ ብቻ የሚሆንበትን ቀን ያምጣልን። ላረገዙት በሽልም ያውጣቸው፤ ለተወለዱትም ዕድሜ ይስጣቸው።